ከሱቅ ደጃፍ የመጣ መርዶ

አዲስ አበባ፣ ጥር 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ አባቴ ለመሪጌታ ኃይለ ሚካኤል፤

እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎስ? እማ ደኅና ናት? ጥምቀትን እንዴት ዋላችሁ? እኔ ደኅና ነኝ። ደኅና የምለው ግን እስከ ደብዳቤው አጋማሽ ድረስ ነውና ከዚያ በታች ያለውን ለብቻዎ ሆነው ያንብቡት።

አስቀድሜ ለተቆጡበት ነገር ልመልስ። በአቶ አብዱልሃኪም ሱቅ ደጃፍ ሲያልፉ የእኔ ድምፅ ከሳጥን ውስጥ የሩዝ ዋጋ ሲያነብ ሰምተው «ልጄን ማን ነው ለነጋዴ የሸጣት?» ማለትዎን የሩዝ መኪናው ሾፌር ዘመነ ደብዳቤዎን ሲያደርስልኝ አጫወተኝ። መኪናው ላይ ያለው ሩዝ እስኪራገፍ ድረስ ስንስቅ ነበር። ማንም አልሸጠኝም አባቴ። በነፃ ነው የሰጡኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድሮ የእኛን ዜና የፈለገ ሰው የእኛን ሬዲዮ መክፈት ነበረበት። አሁን ጣቢያችን ክፍት ኤፒአይ የሚባል ነገር ሠርቷል። ስሙን ይተዉት፣ በር ማለት ነው ብለው ያስቡት። ያነበብነው ሁሉ፣ ጽሑፉም፣ ድምፁም፣ ያነበበው ሰው ስምና ፎቶም፣ በዚያ በር ላይ በየፈርጁ ተደርድሮ ይቀመጣል። ፕሮግራም መጻፍ የሚችል ሁሉ የራሱን የስልክ መተግበሪያ ሠርቶ ከዚያ የሚፈልገውን ይወስዳል። ፈቃድ የሚጠይቅ የለም፤ የእነሱ ማሽን ከእኛ ማሽን ጋር ተነጋግሮ ይጨርሳል። የባሕር ዳር ልጆች የገበያ ዋጋውንና ማስታወቂያውን እየወሰዱ ለነጋዴ የሚሆን መተግበሪያ ሠሩ፤ አቶ አብዱልሃኪም ደግሞ ስልኩን ከድምፅ ማጉያው ጋር አገናኘው። በሩን የሠራው በእውቀቱ የሚባል የሥራ ባልደረባዬ ነው። ሲከፈት ካጨበጨቡት አንዷ ግን እኔ ነኝ፤ ድምፄ ፎገራ ድረስ ሊሄድ ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

አሁን እማ አጠገብዎ ካለች ወረቀቱን አጠፍ ያድርጉት።

የሐሞት ጠጠር አለብሽ ብለውኛል። በሚመጣው ሳምንት ቀዶ ጥገና እገባለሁ። ሐኪሙ ቀላል ነው ይላል፤ ከዚያ በኋላ ግን ለተወሰነ ጊዜ ረጅም መንገድ በመኪና መሄድ አልችልም። አብራኝ የምትኖረው ብርክቲ ታስታምመኛለች። አደራዎን፣ ለእማ እንዳይነግሯት። አክስቴ ሆስፒታል ገብታ በአስከሬን ከወጣች ወዲህ እማ የሆስፒታል ስም ሲጠራ እንኳ ጆሮዋን እንደምትይዝ ያውቃሉ። ከዳንኩ በኋላ እኔው ራሴ እነግራታለሁ።

እርስዎም ነገ ነገ እያሉ ጉልበትዎን አያሰቃዩት። ወንዛዬ ወርደው ፍል ውኃው ውስጥ ይንከሩት እንጂ።

ልጅዎ ሰብለ ወንጌል


ወረታ፣ የካቲት ፪ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

በሕይወት ላለሽው ለልጄ ለሰብለ ወንጌል፤

ከላይ የጻፍኩትን ደጋግሜ አነበብኩት። ተማሪዎቼ ቢያዩኝ ፊደል ጠፋበት ይሉኛል። ይበሉኝ፣ ገና ደጋግሜ አነበዋለሁ።

ስልክ ደውለሽ «አባቴ፣ ደኅና ነዎት?» ስትይኝ ስልኩን መሬት ጥዬ ሮጬ የወጣሁት ለምን እንደሆነ ጠይቀሻል። ከሞትሽ ስለ ሰነበትሽ ነው ልጄ። አለቀስንልሽ። ድንኳን ተጥሎ፣ እናትሽ ጸጉሯን ተላጭታ፣ ፍትሐትሽ ደርሶ፣ ከዚያ በኋላ ነው የደወልሽው። ሌላው ሰው ቢሆን እዚያው በድንጋጤ ይቀር ነበር፤ እኔ በዚህ ጉልበቴ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር መሮጤን ሰው ሁሉ እያወራው ነው።

ከመጀመሪያው ልንገርሽ። እንዳዘዝሽኝ ወንዛዬ ወርጄ ውኃው ውስጥ እስከ ወገቤ ገብቼ ነበር። የሰፈራችን ሰው መጥቶ ከዳር ቆመ። ሰላምታ ሰጠኝ፣ ስለ ከብቱ ጠየቀኝ፣ ስለ ውኃው ጠየቀኝ፣ ዓይኔን ግን አያይም። በመጨረሻ «ወይዘሮ አማከለች ትንሽ አመም አድርጓት ነው፤ ይምጡ ተብለዋል» አለኝ። ልጄ፣ በደብራችን ሰው በሞተ ቁጥር ለቤተ ዘመዱ መርዶ የምነግረው እኔ ነኝ። ያቺን «ትንሽ አመም» የምትል ቃል ይዤ ያልገባሁበት ቤት የለም። አሁን እኔው ላይ መጣች። እናትሽ አማከለች ሞታለች አልኩ። ሐሙሲት ላይ መኪናው እስኪሞላ ሰው ሻይ ሲጠጣ እኔ ጥግ ይዤ የእናትሽን ፍትሐት በልቤ እደግም ነበር።

ወረታ ስደርስ ወደ ቤት አላስገቡኝም። የደብሩ አስተዳዳሪ ቤት አሳደሩኝ፤ እኔም የማደርገው እንደዚያው ነውና አልጠየቅሁም። ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ መካከላቸው አድርገውኝ ወደ ቤቴ ሄድን። በሩ ተከፈተ፤ እናትሽ ብቅ አለች። ቆማ! በእግሯ ቆማ! በደስታ ጮህኩ። አቅፌ ላነሣት ምንም አልቀረኝ። ዘወር ብዬ «አለች እኮ!» ስላቸው ሽማግሌዎቹ ሁሉ መሬት መሬት ያያሉ። ያኔ ገባኝ። ልጅ ደግሞ ካንቺ በቀር የለንም።

የተናገረው አቶ አብዱልሃኪም ነው። እያለቀሰ ነው የተናገረው። ስልኩን ሲከፍት ፎቶሽ ሻማ በርቶበት፣ ከሥሩ ሙሉ ስምሽ ተጽፎ፣ «ከዚህ ዓለም በሞት ተለይታናለች» ይላል። ሳጥኑን ዘጋና ቁጥርሽን ደወለ፤ ስልክሽ ዝግ ነው። ለካ ያን ጊዜ ሐኪም ቤት ተኝተሻል። ለማንም ትንፍሽ ሳይል ሽማግሌዎቹን ፈልጎ ሰበሰበ። ሙስሊም ሆኖ ወጋችንን ከእኛ በላይ ጠብቋልና በእሱ አትቀየሚ።

የምትቀየሚው በእኔ ነው። መርዶ ሲመጣ «ማን አየ? የት ተቀበረች?» ተብሎ ይጠየቃል፤ ለሰው የማስተምረው ይህንኑ ነው። እኔ ግን ራሴን ይዤ «ወይኔ፣ ቀዶ ጥገናው!» ብዬ ጮህኩ። እናትሽ አላለቀሰችም። አየችኝና «የምን ቀዶ ጥገና?» አለች። የደበቅንላትንና የሞትሽበትን ባንድ አፍ ሰማችው። ከዚያ በኋላ የሆነውን አልጽፍልሽም።

አሁን የከበደኝ ግን ሌላ ነው። ደግመሽ ደውለሽ መኖርሽን ካመንኩ በኋላ ስልኩን ለእናትሽ ሰጠኋት። ጆሮዋ ላይ አድርጋ ሰማችሽ። ሰምታ ስትጨርስ ስልኩን መለሰችልኝና «ይህንማ አብዱልሃኪም ደጃፍም እሰማዋለሁ» ብላ ገብታ ተኛች። ምን አልሻት? ደግሞስ ያንን ሻማ ያበራብሽ ማነው? ስሙን ንገሪኝ፤ ላወግዘው ነው።

አባትሽ መሪጌታ ኃይለ ሚካኤል


አዲስ አበባ፣ የካቲት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ አባቴ፤

ሰላምታ መጻፍ አቃተኝ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ደብዳቤዎን ብርክቲ ናት ያነበበችልኝ። እኔ ማደንዘዣው ለቆኝ ሾርባ አምጡልኝ ስል እናንተ ድንኳን ጥላችሁ ነበር። ይህን ሳስብ አልጋው ላይ ብድግ እያልኩ ቁስሌን አሳመምኩት።

ሻማውን ያበራ ሰው የለም አባቴ። ከሁሉ የሚያስደነግጠኝ ይህ ነው፤ የሚወገዝ ሰው እንኳ የለም። ሆስፒታል ልገባ ስል መጨረሻ ላይ ያነበብኩት የሐዘን ማስታወቂያ ነበር፣ የአንዲት የአዳማ ሴት፣ ነፍሳቸውን ይማር። ጣቢያችን በዚያ በር ላይ ሲያስቀምጠው እንደ ወትሮው የአንባቢዋን ስምና ፎቶ አብሮ አስቀመጠ። የሩዝ ዋጋ ሲሆን የሚሳሳት የለም። የባሕር ዳሮቹ መተግበሪያ ግን ከሞት ማስታወቂያ ጋር የመጣን ፎቶ ሁሉ የሟች ነው ብሎ እንዲይዝ ነበር የተሠራው። ፎቶዬን ወሰደ፣ ጥቁር ክፈፍ አደረገለት፣ ሻማ አበራበት፣ ስሜን ከሥሩ ጻፈ። ጽሑፉን ደግሞ የመጀመሪያውን መስመር ብቻ አስቀርቶ ቆረጠው። የሟቿ ስም ሁለተኛው መስመር ላይ ነበር።

ቁስሌን በነጠላ አስሬ ጣቢያ ሄድኩ። በእውቀቱ ሲያየኝ ከወንበሩ ተነሥቶ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ፤ እሱም ከማኅበራዊ ሚዲያ አይቶ አምኖ ኖሯል። ከአንዱ መተግበሪያ ሌላው ወስዶት፣ ከዚያም ሌላው፣ እኔ በስልኬ ስከፍተው ሰው «ነፍስ ይማር» የጻፈበት ማለቂያ የለውም። አብሮኝ የተማረ፣ አንድም ቀን ሰላም ብሎኝ የማያውቅ ልጅ «ደግ ነበረች» ብሏል። ስለ ራሴ «ነበረች» የሚል ቃል ማንበብ ምን እንደሚመስል ልነግርዎ አልችልም። ከፍቼ አነባለሁ፣ እዘጋለሁ፣ መልሼ እከፍታለሁ።

እማን ምን እንዳልኳት ጠየቁኝ። የማልረሳው ጥፋት ሠራሁ። ትንፋሿን ስሰማ ደነገጥኩ። እኔ ደግሞ በዚህ ሥራ ስኖር፣ ስደነግጥ የሚወጣው የማንበቢያ ድምፄ ነው፤ ስቱዲዮ ውስጥ መብራት ሲጠፋ እንኳ ድምፄ እንዳይሰበር ራሴን አስለምጃለሁ። «ጤና ይስጥልን፣ ሰብለ ወንጌል ኃይለ ሚካኤል ነኝ» አልኳት። እናቷን እንዲህ ብላ ሰላም የምትል ልጅ የት አለች? ስልኩን ከሳጥኑ ጋር አገናኝታችሁ ልታጽናኗት የፈለጋችሁ መስሏት ይሆናል። ብታምን ነበር የሚገርመኝ።

በሩን ጨርሰው እንዲዘጉት ለአለቆቼ ጽፌያለሁ። ከእንግዲህ ድምፄ ከማንም ሱቅ እንዲወጣ አልፈልግም። ከዚህ ጋር ዛሬ የተነሣሁትን ፎቶ ልኬያለሁ፤ ዘመነም ቁጭ ብሎ አብሮኝ ምሳ በልቷል፤ ያየውን ይንገራት። ምን እንዳለች ይጻፉልኝ። ምንም ቢሆን አይደብቁኝ።

ልጅዎ ሰብለ ወንጌል


ወረታ፣ የካቲት ፲፭ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ለልጄ ለሰብለ ወንጌል፤

ቁስልሽ እንዴት ነው? ጣቢያ ድረስ መሄድሽን ስሰማ ልቆጣሽ አሰብኩና ድምፅ አውጥቶ መቆጣት የሚቻለው ያለ ሰው ላይ ነው ብዬ ደስ አለኝ።

«አይደብቁኝ» ብለሻልና አልደብቅሽም። እናትሽ አላመነችም። ፎቶውን በጣቷ ዳሰሰችውና «ሳትታመም በፊት የተነሣችው ነው» አለች። ዘመነ በልጆቹ ማለ፤ «አብራኝ ሽሮ በልታለች፣ ቃሪያውን እኔ ነኝ የበላሁባት» አለ። «አስተምረው ልከውህ ነው አንተ ልጅ፤ አይፈረድብህም» አለችው። እኔማ አፌን ስከፍት ቀድማ ታውቀዋለች። «መሪጌታ፣ እርስዎ ሙት ሲደብቁ የኖሩ ሰው ነዎት። የጎረቤታችንን የማናዬን ልጅ ሞት ሰንበት እስኪያልፍ ብለው ሲደብቁ እንጀራ እያቀረብኩ አብሬዎት የደበቅኩ እኔ ነኝ። ዛሬ እኔ ላይ ነው?» ትለኛለች። ውሸቷን አይደለም። በዚህ አገር «አለ፣ ደኅና ነው» ስንል የምንዋሸው ስለ ሞተ ሰው ነው። እውነቱን የምንናገርበት ሌላ ቃል አላስቀረንም።

አዲስ አበባ እንውሰድሽና በዓይንሽ እያት አልናት። «መቃብሯን ለማየት ምን አስቸኮላችሁ፤ አርባዋ ይውጣ» አለች። ተዝካርሽን እየደገሰች ነው። አዎ፣ ያንቺን። እህሉ ተሰፍሯል፤ ያን ጊዜ ጾሙ ስለሚገባ የጾም ይሆናል ብላለች። አስተዳዳሪውን ስምሽን በጸሎት ከሚጠሩት ሙታን መካከል አውጡልኝ ብዬ ብጠይቀው «ልጅቱ መጥታ በዓይናችን እንያት እንጅ መሪጌታ፣ እንዲህ ያለ ነገር ደርሶብን አያውቅም» ይለኛል። ብቆጣ ብጮህ፣ ጉባኤው ሁሉ በሐዘን አእምሮው ተነካ እያለ ያዝንልኛል።

በሩን ዘጋሁት እንዳትይኝ። በእግዚአብሔር፣ ካልዘጉት አስቁሚያቸው። እናትሽ በየማለዳው አብዱልሃኪም ደጃፍ ሄዳ የሩዝ ጆንያ ላይ ትቀመጣለች። አብዱልሃኪም ከዚያ በር የቀድሞ ንባብሽን ያወጣላታል፤ ዋጋውን ስታነቢ አንገቷን ደፍታ ትሰማሻለች፤ ሲያልቅ ነጠላዋን አጣፍታ ትመለሳለች። በሕይወት አለች ብላ አይደለም፤ የሞተ ሰው ድምፅ በሬዲዮ እንደሚሰማ ታውቃለች። ግን ቤት ከዋለች የምትሰማው የለም። ገበሬውም ቢሆን ዋጋውን ሳይሰማ ሩዙን አይሸጥም፤ ዱሮ ደላላ እንዳሻው ነበር የሚጫወትበት። ደጃፉ ላይ ያለው ሰው እናትሽ ስትመጣ ይነሣላታል፣ ወሬውን ያቆማል። ያስሚን፣ የአብዱልሃኪም ልጅ፣ ውኃ ትሰጣታለች።

ከውኃ በቀር ግን የምትቀምሰው የለም ማለት ይቻላል። ልብሷ ከላይዋ እየወረደ ነው። የጤና ኬላዋ ልጅ መጥታ አይታት ወደ ውጭ ጠራችኝና እንዲህ ከቀጠለች አትከርምም አለችኝ። አንቺ መምጣት አትችይም፣ እሷ መሄድ አትፈልግም። እኔ ሰው ሞተ ብዬ ሳሳምን ነው የኖርኩት፤ አለ ብዬ ማሳመን አላውቅበትም። አንቺ የተማርሽ ነሽና ብልሃት ፈልጊ።

አባትሽ መሪጌታ ኃይለ ሚካኤል


አዲስ አበባ፣ የካቲት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ አባቴ፤

በሩ አልተዘጋም። ደብዳቤዎ የደረሰኝ ስብሰባ ልገባ ስል ነበርና በሩ ይዘጋ ያልኩትን እኔው ራሴ ተውኩት። እማ ጆንያ ላይ መቀመጧን ያነበብኩት መኪና ውስጥ ነው፤ ከዚያ በኋላ ስብሰባው ላይ ምን እንደተባለ ግማሹን አልሰማሁም።

ማንም ሳይከለክለኝ ብድግ ብዬ እንዳልመጣ ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። «ቁስሉ ትንሽ አመም አድርጎኛል» ብዬ ጽፌ ሰረዝኩት፤ ያቺን ቃል ከእንግዲህ በዚህ ቤት ማንም አይጻፋት። ቁስሉ አመርቅዟል። መድኃኒት በመርፌ እየወሰድኩ ነው። አይገድልም። ሐኪሙ መንገድ እንዳላስብ አስጠንቅቆኛል። ያለው ይህ ብቻ ነው፣ የደበቅኩት የለም።

ብልሃት ፈልጊ ብለውኝ ነበር። ብልሃት ይሁን ሞኝነት እርስዎ ይፍረዱ። እዚህ እርማቱን እንዴት እንደሠራነው ልንገርዎ። መጀመሪያ በዜና አስተባበልን፤ ማንም አልሰማም። ፌስቡክ ላይ ጻፍን፤ «ቤተሰቧን ለማጽናናት ነው» ብለው ሳቁብን። ለካ ማሽኖቹ ዜናችንን አይሰሙም፤ የሚያውቁት በሩን ብቻ ነው። በመጨረሻ በእውቀቱ እርማቱን በዚያው በር፣ የተሳሳተው በተቀመጠበት ቦታ ላይ፣ ያንኑ ምልክት ሰጥቶ አስቀመጠው። ያን ጊዜ የወሰዱት ማሽኖች ሁሉ ተመልሰው መጥተው አዲሱን ይዘው ሄዱ። የባሕር ዳሮቹ ልጆችም ይቅርታ ጠይቀው ሻማውን አነሡ። እዚህም እዚያም የቀረ አለ፤ አብዛኛው ግን ጠፋ። በእውቀቱ የሚለው ስሕተቱ በሄደበት መንገድ እርማቱም ካልሄደ አይደርስም ነው።

እኔም አልጋዬ ላይ ሆኜ ይህን ሳሰላስል አንድ ነገር ገባኝ፤ እማ እኮ ሞቴን ከስልክ አልሰማችም። ከፎቶ አላየችም። ሽማግሌዎች ጎህ ሲቀድ ጋቢያቸውን ለብሰው መጥተው ነው የነገሯት። እኛ ደግሞ በስልክ፣ በፎቶ፣ በሾፌር ልናርመው እንታገላለን። እነዚያኑ ሽማግሌዎች፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው በር ይውሰዷቸው። መጀመሪያ የተናገረው አቶ አብዱልሃኪም ነውና እሱው ይናገር። «ባለፈው የነገርንሽ ስሕተት ነው፤ ልጅሽ አለች» ይበላት። በዚያ መንገድ መጥቶ እማ ያላመነችው ነገር የለም።

ካልጣመዎት ይተዉት። ሌላ ግን የማውቀው የለኝም አባቴ። በመርፌው ምክንያት ስለምደክም ጽሑፌ ተንጋዷል፤ እንደ ልማድዎ በቀይ አርመው እንዳይመልሱልኝ።

ልጅዎ ሰብለ ወንጌል


ወረታ፣ የካቲት ፳፯ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ለልጄ ለሰብለ ወንጌል፤

ተቀምጠሽ አንብቢ። ዘመነን ደብዳቤውን ሰጥተህ አንድ ቃል ሳትጨምር ውጣ ብዬዋለሁና አትጠይቂው።

ያልሽውን አደረግን። ሐሳብሽ ጥሞኝ ነበር፤ እንዲያውም እኔ የመርዶ መምህር ሆኜ እንዴት ይህ ጠፋኝ ብዬ ቀናሁብሽ። ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ ለመንኩ። አብዱልሃኪም ሱቁን ሳይከፍት መጣ። እኔ ጾሙን ምክንያት አድርጌ ቤተ ክርስቲያን አድራለሁ አልኩና አብሬያቸው ለመምጣት ተቀጣጠርን። ጎህ ሲቀድ ጋቢ ለብሰን ተነሣን። እነሱ ቀደሙ፤ እኔ በዚህ በእርጉም ጉልበት ወደ ኋላ ቀረሁ። እንደርሳለን እንጅ ማን ቀደመ ማን ቀረ ብሎ ያሰበ የለም።

እናትሽ በሩን ከፈተች። ጎህ ሳይገልጥ ሽማግሌ በሯ ላይ ተሰልፏል። ልጄ፣ ምን ነክቶን ነው? ስንት ዓመት በዚያ ሰዓት በር ሳንኳኳ ኖሬ፣ ጎህ ሲቀድ የቆመ ሽማግሌ ለምን እንደሚመጣ እንዴት ጠፋኝ? ፊታቸውን እያፈራረቀች እኔን ፈለገች። እኔ የለሁም። «መሪጌታስ?» አለች። ማንም በር ላይ ቆሞ አይናገርም፣ ወጉ ነው። አስተዳዳሪው እንደ ልማዱ «አማከለች፣ እስቲ መጀመሪያ ቁጭ በይ» አላት። እኔ ከአጥሩ ወዲህ ሆኜ የሰማሁት ጩኸቷን ነው። ስደርስ መሬት ላይ ናት።

ትንፋሽ የላትም ነበር። አብዱልሃኪም «ገደልናት፣ ወላሂ ገደልናት!» እያለ ደረቱን ይመታል። ውኃ አፈሰስንባት። ጭንቅላቷን ጭኔ ላይ አድርጌ ምን እንዳልኩ አላውቅም፤ ሰዎቹ እንደሚሉት ጸሎት አልነበረም፣ ስድብ ነበር። ራሴን ስሰድብ ኖሯል። ያን ጊዜ የፈራሁትን ያህል በዕድሜዬ ፈርቼ አላውቅም፤ ያንቺ ሞት እንኳ እንዲህ አላደረገኝም፣ እሱ በእኔ እጅ አልነበረማ።

ዓይኗን ገለጠች። እጇን ዘርግታ ጢሜን ያዘችና ሳበችው፤ አመመኝ።

«መሪጌታ፣ አሉ?» አለች።

«አለሁ።»

«አሁን እኮ ሞተው ነበር።»

«አልሞትኩም። ጉልበቴ አስቀርቶኝ ነው።»

«ታዲያ እነዚህ ምን ሊሉኝ መጡ?»

አብዱልሃኪም መናገሩን ረስቶ ቆሟል። በክርኔ ነካሁት። «ሰብሌ አለች ልንልሽ ነው አማከለች። ያን ጊዜ ተሳስተን ነው። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት» አለ። እናትሽ እሱን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ የእኔን ጢም አልለቀቀችም። «እርስዎን እኮ ገና አሁን ቀብሬዎት ነበር» አለችኝ፣ ለራሷ እንደምታወራ ሁና። «ጎህ ሲቀድ መጥተው፣ ቁጭ በይ ብለውኝ፣ እርስዎ ግን ይኸው አሉ። እንዲህም ይሆናል ለካ። እንዲህ ከሆነማ እሷም ትኖር ይሆን?» አለች።

ትኖር ይሆን አለች ልጄ! እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ አፌን ዘጋሁ፤ አንድ ቃል ብጨምር የማበላሸው መስሎኝ ነው።

ከዚያ ተነሥታ ተቀመጠችና ጀመረችን። መጀመሪያ ሽማግሌዎቹን አባረረች፤ ከእንግዲህ ጎህ ሳይገልጥ እዚህ በር ላይ የቆመ ሰው ውሻ እለቅበታለሁ አለች፣ አስተዳዳሪውን ጭምር። ቀጥላ ወደ እኔ ዞራ ሆድሽን የቀደዱሽ በየት በኩል እንደሆነ፣ ስንት ጣት እንደሚሆን፣ ማን እንዳጠበሽ፣ ምን እንደምትበይ ጠየቀችኝ። አላውቅም ባልኩ ቁጥር እየባሰባት ሄደ። ቁስሉ ማመርቀዙን ስነግራት ግን አላለቀሰችም። ለተዝካርሽ ከተሰፈረው እህል ላይ አንሥታ ፈጨችና ገንፎ ሠርታ እየበላች፣ ተቀምጣ ሳይሆን ቆማ እየበላች፣ ልብሷን ማጠፍ ጀመረች።

መርዶ ነጋሪ አይደለሁም ወይ፣ የቀረውን እንደ ሙያዬ ቀስ አድርጌ ልንገርሽ። ድንገተኛ ነገር ለሁላችንም ይብቃን ብዬ ነው ደብዳቤውን ያስቀደምኩት። እናትሽ ከታች፣ ከዘመነ መኪና ውስጥ ተቀምጣለች። ከወረታ ጀምሮ ከቁስልሽ ሌላ አላወራችም ይሆናል፤ ያንቺን ቁስል አይታ፣ አንቺን ተቆጥታ፣ ከዚያ በኋላ ነው የምታለቅሰው፤ ነግራኛለች። ጸጉሯ የተላጨ ነውና ስታዪያት አትደንግጪ። ዘመነን ልጄ አንብባ እስክትጨርስ እናቷን ያዛት ብዬዋለሁ፤ ብዙ የሚይዛት ግን አይመስለኝምና እዚህ ላቁም። ውረጂ ልጄ፤ ቁስልሽን በእጅሽ ደግፈሽ ቀስ ብለሽ ውረጂ።

አባትሽ መሪጌታ ኃይለ ሚካኤል